የጌም ስቱዲዮ እየመሩ ተውኔት መጻፍ፦ ከቅጥር ውል እስከ መጋረጃ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ተረት፣ ተውኔት እንደምጽፍ የሰሙ ባልደረቦቼ በየተራ ነግረውኛል። እውነታቸውን ነው፤ በአንድ ጊዜ አይወጣም። ተረቱ ግን ከአንዱ ወርዶ ሌላውን መውጣት አይከለክልም። የቪዲዮ ጌም ስቱዲዮ እየመራሁ ተውኔት መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ጭንቀቴ በቀን ስንት ሰዓት ይተርፈኛል የሚለው መሆኑ ቀርቶ፣ ከየትኛው ዛፍ መቼ ልውረድ የሚለው ሆኗል። ይህ መመሪያ በአብዛኛው ስለዚያ መውረድ ነው።

የተለመደውን ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥ፣ በየቀኑ አንድ ገጽ ጻፍ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሥራ ለሚሠራ ሰው ግሩም ምክር ነው። የጌም ሥራ ግን እንደ ደራሽ ወንዝ ነው፤ አንዴ ሞልቶ ያስፈራል፣ አንዴ ደርቆ ድንጋዩ ይታያል። ወንዙ በሞላበት ወቅት «በየቀኑ አንድ ገጽ» ብሎ የማለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት መሐላውን ያፈርሳል፤ በሦስተኛው ሳምንት ተውኔቱን ራሱን ይጠላዋል። እኔ ሁለት ተውኔት የገደልኩት እንደዚህ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከሩሲያዊው ጸሐፌ ተውኔት ከቼኾቭ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ሐኪም ነበር፤ የሚጽፈው ከሕክምናው ጎን ለጎን ነው። በ1892 እ.ኤ.አ. ኮሌራ በአገሩ ሲዛመት የበርካታ መንደሮችን የሕክምና ኃላፊነት ያለ ደመወዝ ተሸክሞ ብዕሩን ወደ ጎን አደረገ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ በግቢው ውስጥ ትንሽ የመጻፊያ ቤት አሠራና በ1895 ከታላላቅ ተውኔቶቹ አንዱን እዚያ ጻፈ። የእኛ ኮሌራ ክራንች ይባላል፤ ቀነ ገደብ ሲቃረብ ቡድኑ ሁሉ ያለ ዕረፍት የሚሠራበት ወቅት ነው። ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤሊየትም ከ1917 እስከ 1925 የባንክ ሠራተኛ፣ ከዚያ በኋላ የአሳታሚ ድርጅት ዳይሬክተር ነበር፤ የታወቁ ተውኔቶቹን የጻፈው ከዳይሬክተርነቱ ወንበር ሳይነሣ ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም የመንግሥት ሹም እንጂ የቴአትር ቤት ሰው አልነበሩም። ስለዚህ ይቻላል አይቻልም የሚለውን ክርክር እዚሁ ልተወውና ወደ አሠራሩ ልግባ።

1. ውሉን ከመሳቢያ ያውጡ

አንድ ቃል ከመጻፍዎ በፊት የቅጥር ውልዎን ያንብቡ። በጌም ኩባንያዎች ዘንድ ሠራተኛው በቅጥር ዘመኑ የሚፈጥረውን ሥራ ለኩባንያው የሚያስተላልፍ አንቀጽ የተለመደ ነው። ለሒሳብ ሠራተኛው ይህ ብዙም አያስጨንቅም፤ ለእርስዎ ግን በሁለት ምክንያት ያስጨንቃል። የኩባንያው ንግድ ታሪክና ገጸ ባህርይ ነው፤ ተውኔትም ታሪክና ገጸ ባህርይ ነው። «ከአሠሪው ንግድ ጋር ግንኙነት ያለው» የሚለው ሐረግ ለሌላው ጠባብ በር ሲሆን ለእርስዎ ሰፊ መረብ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ኃላፊ ሰው መውጫ ሰዓት የሌለው መሆኑ ነው። «ቅዳሜ ማታ የጻፍኩት ነው» ቢሉ፣ «ቅዳሜ ማታስ የሥራ ኢሜይል ሲመልሱ አልነበር?» የሚል ጠበቃ አይጠፋም።

ብዙ የጌም ኩባንያ ያለባትን ካሊፎርኒያን እንውሰድ። የሥራ ሕጓ አንቀጽ 2870 ሠራተኛው ሙሉ በሙሉ በራሱ ጊዜ፣ የአሠሪውን መሣሪያ፣ ዕቃ፣ ግቢና የንግድ ምሥጢር ሳይነካ የፈጠረውን ፈጠራ አሠሪው በውል እንዳይወስድበት ይከላከላል። ከአሠሪው ንግድ ጋር የሚገናኘውን፣ እንዲሁም ለአሠሪው ከተሠራ ሥራ የመነጨውን ግን ከጥበቃው ያስወጣል። እኛን የሚያሳስበን ይኸው «ግን» ነው። በዚያ ላይ ሕጉ የሚናገረው ስለ ፈጠራ ነው፤ ተውኔት በዚያ ቃል ውስጥ ይገባል አይገባም ብሎ ኋላ ከመከራከር አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ይቀላል። የየአገሩ ሕግ ይለያያልና የሚሠሩበትን አገር የሥራና የቅጂ መብት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ለአንድ ሰዓት ያማክሩ። በዚህ ሥራ ሁሉ ገንዘብ ያለ ቁጭት የሚወጣው ለዚህ ሰዓት ነው።

ከዚያ ለኩባንያው የሕግ ክፍል አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። የምጽፈው ለመድረክ የሚሆን ተውኔት ነው፤ ከኩባንያው ጌሞችም ሆነ ይፋ ካልሆኑ ፕሮጀክቶች ምንም አልወስድም፤ የምጽፈው በራሴ ጊዜና በራሴ ኮምፒውተር ነው። ከዚህ በላይ አያብራሩ፤ ታሪኩንም አይንገሩ። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። አለቃዎ ኮሪደር ላይ «ምን ችግር አለው፣ ይጻፉ» ቢልዎ ነገ አለቃው ይቀየራል፤ ኩባንያውም ሊሸጥ ይችላል። ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ያጠናቀቀው በኦክቶበር 2023 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያለ ግዢ ሲፈጸም የኮሪደር ፈቃድ ወደ አዲሱ ባለቤት አይተላለፍም። አዲስ ሥራ የሚይዙ ከሆነ ደግሞ ቀድመው የሠሯቸው ሥራዎች ዝርዝር ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ በግማሽ የቀሩት ተውኔቶች ርዕስ ሳይቀር ይግባበት።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ዲሲፕሊን ነው። የኩባንያው ላፕቶፕ ላይ አንድም ትዕይንት አይክፈቱ። በኩባንያው ኢሜይል ለራስዎ አይላኩ። ኩባንያው የሚከፍልበትን የጽሑፍ ሶፍትዌር አይጠቀሙ። እያንዳንዱን ረቂቅ ቀን ጽፈው ያስቀምጡ።

ይህን ሁሉ የማጠብቀው ያለ ነገር አይደለም። በስቱዲዮ ውስጥ የምንጽፈው ሁሉ የኩባንያው ነው፤ መስመሩን ነገ ሌላ ሰው ቢለውጠው አቤት ማለት የለም። በቴአትር በብዙ አገር ልማዱ ተቃራኒ ነው። የቅጂ መብቱ በደራሲው እጅ ይቆያል፣ ቴአትር ቤቱ የሚያገኘው የማሳየት ፈቃድ ነው፣ ቃሉም ያለ ደራሲው ፈቃድ አይነካም። ታዲያ ለቴአትር ቤቱ ሲፈርሙ «ሥራው የራሴ ነው፣ ሌላ ባለመብት የለውም» ብለው ያረጋግጣሉ። ከጅምሩ ያልጸዳ መብት ይዘው ከሄዱ ያ ፊርማ ውሸት ነው።

2. የጌሙን ካላንደር ይሳሉና ክፍተቶቹን ይፈልጉ

የሚቀጥሉትን 18 ወራት አንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ይዘርጉ። መጀመሪያ በቀይ የሚሞሉት የጌሙን ነው፦ ለአሳታሚው ማይልስቶን፣ ማለትም በውል የተቆረጠ የሥራ ክፍል፣ የሚቀርብባቸውን ሳምንታት፣ አልፋና ቤታ የተባሉትን የሙከራ ሥሪቶች፣ ሰርቲፊኬሽን የምንለውን የኮንሶል አምራቾች ፍተሻ፣ የሚለቀቅበትን ቀን፣ በጀት የሚያዝበትንና የሒሳብ ዓመት የሚዘጋበትን ወር። እንደ ኔንቲዶና ሶኒ ያሉ የጃፓን ኩባንያዎች ዓመታቸውን የሚዘጉት በማርች መጨረሻ ነው፤ አሳታሚዎ ከነሱ ወገን ከሆነ ማርችን ከወዲሁ ይርሱት። ማርች የጌም አልሚዎች ጉባኤ በሳን ፍራንሲስኮ የሚካሄድበት ወርም ነው። ኦገስት ላይ ኮሎኝ ጌምስኮም የተባለው የጌም ትርኢት አለ፤ ሴፕቴምበር ላይ የቶኪዮው ትርኢት፤ ዲሴምበር ላይ ከ2014 ጀምሮ ዘ ጌም አዋርድስ የተባለው የጌም ሽልማት። ጁን ድሮ ኢ-ሦስት (E3) የተባለው የጌም ትርኢት ነበር፤ እሱ በ2023 መጨረሻ ለዘለዓለም መዘጋቱ ቢታወጅም የማስታወቂያው ግርግር ከወሩ አልለቀቀም።

ወረቀቱ ቀልቶ ሲያዩት ተስፋ አይቁረጡ። ነጭ የቀረውን ይመልከቱ። ነጩ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ነጭ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ምርጡ ክፍተት ቅድመ ዝግጅት፣ ፕሪ ፕሮዳክሽን የምንለው ነው። ቡድኑ ገና ትንሽ ነው። ውሳኔዎቹ ትልልቅ ቢሆኑም ጥቂት ናቸው፤ በሌሊት የሚደውልልዎ የለም። የተውኔቱን የመጀመሪያ ረቂቅ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መድበው እዚህ ይጻፉ። አንድ ወጥመድ አለው። አዲስ ጌም ሲፀነስ የመፍጠር ጥማትዎ እዚያው ሊረካ ይችላል፤ ቀን አዲስ ዓለም ሲያቅዱ ውለው ማታ ወረቀቱ ፊት ሲቀመጡ ረሃቡ የለም። መድኃኒቱ ከጌሙ በፊት መጻፍ ነው፤ በዚህ ወቅት ብቻ ማለዳውን ለተውኔቱ ይስጡ።

ማይልስቶን አስረክበው አሳታሚው እስኪመልስ ያሉት ቀናት አጭር ክፍተት ናቸው። አዲስ ነገር አይጀመርባቸውም። ያለውን አንድ ትዕይንት ለማረም ይበቃሉ።

የሰርቲፊኬሽን ሳምንታት አታላይ ናቸው። ጌሙ በኮንሶል አምራቹ እጅ ነው፣ እርስዎ ይጠብቃሉ፣ ጊዜ ያለዎት ይመስላል። እኔም መስሎኝ ነበር። የሁለተኛ ተውኔቴን ንባብ ስድስት ተዋንያን ጠርቼ በዚያ ሳምንት አደረግሁት። ሁለተኛው ገቢር ሲጀመር ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ ጌሙ በፍተሻ ወድቆ ተመልሷል። ወጥቼ ስመለስ ወንበሮቹ ተሰብስበዋል። የተውኔቴን መጨረሻ በተዋናይ አንደበት የሰማሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ለፊደል እርማት ካልሆነ በቀር በዚህ ሳምንት ምንም አይቅጠሩ።

ጌሙ ወጥቶ የመጀመሪያዎቹ ፓቾች፣ ማለትም የስሕተት ማረሚያ ዝማኔዎች፣ ካለቁ በኋላ ያለው ጊዜ በወረቀት ላይ ሰፊ ሜዳ ነው። የእኔ ምክር ግን እንዳይጽፉበት ነው። ሰውነት ደክሟል፤ በዚያ ላይ የተጫዋቾችን አስተያየት ሲያነቡ የከረሙበት ጆሮ ሰውን ሁሉ በአምስት ኮከብ የሚመዝን ይሆናል። ቴአትር ይዩ። ተውኔት ያንብቡ። ይተኙ።

የሚመሩት በየወቅቱ የሚታደስ የኦንላይን ጌም ከሆነ እንዲህ ያለ ትልቅ ሙላትና ትልቅ ድርቀት የለም። አንድ ወቅት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ሳምንት ነው፤ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይጋያሉ፣ መሐሉ ይረግባል። ያን የመሐል አንድ ወር እንደ ርስት ይያዙት። በዓመት አራቴ ይመለሳል፤ አራት ወር ማለት ነው፣ ለአንድ ተውኔት ይበቃል።

3. መጠኑን በአቅም

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፉ ከሆነ አሥር ደቂቃ በሚወስድ ተውኔት ይጀምሩ። ከዚያ ያለ ዕረፍት አንድ ሰዓት ከሩብ የሚሄድ፣ ከሁለት እስከ አራት ገጸ ባህርያት ያሉት፣ ቦታው የማይለዋወጥ ሥራ። ይህን ለኃላፊ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ገጸ ባህርይ የሚከፈለው ተዋናይ ነው፣ እያንዳንዱ የቦታ ለውጥ ገንዘብ ነው። ስምንት ሰው ያለው የአዲስ ደራሲ ተውኔት ቴአትር ቤት ጠረጴዛ ላይ ይነበባል፣ ይወደሳል፣ ይመለሳል።

4. ተውኔቱን እንደ ጌም ይገንቡት፣ ግን ሁሉን አይውሰዱ

ከስቱዲዮ የሚመጡ ሦስት ልማዶች መድረክ ላይ ወርቅ ናቸው።

የመጀመሪያው ግራጫ ሣጥን ነው። የደረጃ ዲዛይነሮቻችን ቤተ መንግሥቱን ከመሳላቸው በፊት በግራጫ ሣጥኖች ቆልለው ይሄዱበታል፤ በሩ የጠበበ፣ መንገዱ የረዘመ እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። ተውኔቱንም እንዲሁ ያድርጉት። ለእያንዳንዱ ትዕይንት ሦስት መስመር ብቻ፦ ማን ይገባል፣ ከማን ምን ይፈልጋል፣ ሲወጣ ምን ተለውጧል። ሦስተኛው መስመር ባዶ ከሆነ ትዕይንቱ ይሰረዛል። ንግግሩ የቱንም ያህል ቢያምር ይሰረዛል።

ሁለተኛው፣ ጌሙ ሁልጊዜ መከፈት መቻል አለበት የምንለው ሕግ ነው። ያላለቀ ጌም እንኳ በየቀኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲጫወቱት ሆኖ ይያዛል። ተውኔትዎም በማንኛውም ቀን ከመጋረጃ እስከ መጋረጃ መነበብ ይቻል። ያልተጻፈው ትዕይንት በሦስት መስመር ግራጫ ሣጥኑ ይወከል። የዚህ ጥቅሙ ከሁለት ወር ክራንች ሲመለሱ ይታያል። አርባ ደቂቃ ተቀምጠው ሙሉውን ያነባሉ፣ ያቆሙበትን ያውቃሉ። የተበታተነ ማስታወሻ ትቶ የሄደ ሰው ግን የተመለሰበትን የመጀመሪያ ሳምንት በፍለጋ ይጨርሳል።

ሦስተኛው፣ አንዱን ቁራጭ ቀድሞ እስከ ጥግ መጨረስ ነው። አሳታሚ ፊት የምናቀርበው አንድ ያለቀ ደረጃ የጠቅላላውን ጌም ጣዕም እንደሚያሳይ፣ ከመካከል አንድ ከባድ ትዕይንት ይምረጡና ሁለት ተዋናይ አንስተው ሊጫወቱት እስኪችሉ ድረስ አጥርተው ይጻፉት። መክፈቻውን አይምረጡ፤ መክፈቻ ሁልጊዜ ያምራል፣ ያታልላል።

ስቱዲዮ ትተውት የሚመጡት ደግሞ ምርጫን ነው። ጌም ሠሪ ሰው በር መዝጋት አይወድም። ተጫዋቹ ቢያድነውስ? ባያድነውስ? እያለ አምስት መጨረሻ ያዘጋጃል። የቴአትር ተመልካች ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ የሚጫነው አዝራር የለውም። እሱ ያልመረጠውን ገጸ ባህርይው ካልመረጠለት መድረኩ ላይ የሚመርጥ ማንም የለም። የመጀመሪያ ተውኔቴን ያነበበ አንድ አዘጋጅ «ሰዎችህ ሁሉ ትእዛዝ የሚጠብቁ ይመስላሉ» አለኝ። እውነት ነበር፤ ተጫዋቹን እየጠበቁ ነበር።

5. ምላስዎን ይቀይሩ

ከጊዜ እጥረት ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት።

ኃላፊ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ብዥታን ማጥፋት ነው። ማን ይሠራዋል፣ ምን ይሠራል፣ እስከ መቼ። የጌም ንግግርም ከዚህ አይርቅም። ተጫዋቹ ቁልፉ የት እንዳለ ካልተነገረው መንገድ ይጠፋበታልና ሽማግሌው «ቁልፉ ከድልድዩ ማዶ ነው» ይለዋል። የጠባቂው «ማነው እዚያ?» መቶ ጊዜ ቢደገም እንዳይሰለች ሆኖ ይጻፋል። ሁለቱም ግልጽ የማድረግ ጥበብ ናቸው። መድረክ ላይ ሰው የሚናገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊደብቅ ነው። ከስብሰባ እንደወጡ ቢጽፉ ገጸ ባህርያትዎ ቃለ ጉባኤ ያስይዛሉ።

መድኃኒቱ ከራሱ ከስብሰባው ይገኛል። በጀት የሚቀነስበትን ስብሰባ የመራ ሰው ሰዎች የሚሉትንና የሚፈልጉትን ለይቶ የመስማት ልምድ አለው፤ ያንን ችሎታ ግን ሁልጊዜ ነገሩን ለመቋጨት ይጠቀምበታል። አሁን ለመክፈት ይጠቀሙበት። ወረቀቱን ለሁለት ይክፈሉ። በግራ በኩል አንድ ሰው ያለውን ይጻፉ፤ በቀኝ በኩል የፈለገውንና ያላለውን። ከዚያ የግራው ንግግር የቀኙን ሳይጠራ እንዲያሳየው እስኪሆን ድረስ ይከልሱት። የሥራ ባልደረባውን ቦታ የወሰደ ሰው ቦታውን ለተነጠቀው ሲመልስለት ለምሳሌ፦

— እዚህ የነበረው ወንበር የት ሄደ?
— የቱ ወንበር?
— ሁልጊዜ የምቀመጥበት።
— ዛሬም ትመጣለህ ብዬ አላሰብኩም።

ማንም «ተባረሃል» አላለም። ኃላፊው ልማዱን ይዞ ቢጽፈው ግን በሁለተኛው መስመር ላይ ምክንያቱን፣ የካሳውን መጠንና የሚመለከተውን ክፍል ይነግረው ነበር።

ጥንቃቄ አለው። የሰማኸውን ጻፍ ማለት የባልደረባን ሕይወት ገልብጥ ማለት አይደለም። ሠራተኞችዎ ከእርስዎ ጋር የሚነጋገሩት ኃላፊያቸው ስለሆኑ ነው፤ መድረክ ላይ ራሳቸውን ቢያዩ ከዚያ በኋላ አንድ እውነት አይነግሩዎትም፣ ስቱዲዮውም ይታመማል። ሁኔታውን ይውሰዱ፤ ሙያውን፣ ዕድሜውን፣ ቦታውን ይለውጡ። የጌም ስቱዲዮን በኮንትራት የሚሠራ የሕንጻ ድርጅት ያድርጉት። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ራሱ ይሻሻላል፤ ተመልካቹ ሰርቲፊኬሽን ምን እንደሆነ እንዲገባው ማብራሪያ መጻፍ አያስፈልግም።

6. ወንዙ ሲሞላ

ክራንች ሲመጣ ተውኔቱን አይጻፉ። ይህን የምለው በሥልጣን ነው፤ ለራስዎ ፈቃድ ስጡ ቢባሉ አይሰጡምና እኔ ሰጥቼዎታለሁ። በነዚህ ሳምንታት የሚቀረው ሥራ ሁለት ነው። ትንሽ ደብተር ኪስ ውስጥ ይያዝ፤ በቀን አንድ የሰሙት አረፍተ ነገር ይግባበት፣ ካልሰሙም ባዶ ይደር። እሑድ እሑድ ደግሞ ካለው ረቂቅ አንድ ትዕይንት ጮክ ብለው ያንብቡ። እርማት የለም፣ ብዕር አይያዝም። የገጸ ባህርያቱ ድምፅ ጆሮዎ ውስጥ እንዳይሞት ብቻ ነው።

ክፍተቱ ሲመለስ ደግሞ በየቀኑ ለመካስ አይሩጡ። በሳምንት ሦስት ማለዳ፣ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል። ማታ ለምን እንደማይሆን ብዙ አላብራራም፤ ሃያ ውሳኔ ሲወስን የዋለ ሰው «መጣ» ወይስ «ደረሰ» ይሻላል ብሎ ለመምረጥ ጉልበት የለውም፣ የመጣለትን ይጽፋል። ሲያቆሙም ቀጣዩን መስመር እያወቁት ያቁሙ፤ ጥያቄው ተጠይቆ መልሱ ሳይጻፍ። በሌላው ማለዳ ባዶ ገጽ አይጠብቅዎትም።

7. ንባቡ

ረቂቁ ሲያልቅ በድምፅ ይነበብ። የጌም ሰው ይህን በደመ ነፍስ ያውቀዋል፤ ተጫዋች ሳያስነካ ጌም የሚለቅ የለም። ሙከራ ስናካሂድ ከተጫዋቹ ጀርባ ቆመን አናስረዳውም፤ ዝም ብለን የት እንደተደናገረ እናያለን። እዚህም ዝም ይበሉ። ጽሑፉን አይከተሉ፤ ያውቁታል። ሰዎቹን ይመልከቱ፦ ወንበሩ ላይ የተገላበጠውን፣ የሳለውን፣ ያቀረቀረውን። ሰዓት ይያዙና ገጹ ላይ ደቂቃውን ያስፍሩ። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው ይባላል፤ በአማርኛ ፊደልና በራስዎ አገጣጠም ስንት እንደሚወስድ የሚያውቁት በዚህ ብቻ ነው።

ሲያልቅ «ምን ላሻሽል?» ብለው አይጠይቁ። ሰው ሁሉ ዲዛይነር ይሆንብዎታል። የትኛውን ቅጽበት አስታወሱ፣ የት ላይ ማንን አላመኑም፣ መቼ ሰዓት አዩ። ይበቃል።

ትልቁ ስሕተት የሚሠራው በአድማጮቹ ምርጫ ነው። ስቱዲዮዎ ውስጥ ድምፃቸው ያማረ፣ ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ሞልተዋል፤ ሻይ ከጋበዟቸውም በነጻ ይመጣሉ። አይጥሯቸው። ደመወዝ የሚጨምርላቸውን ሰው ተውኔት አሰልቺ ነው የሚል የለም። ቢልም አያምኑትም፤ ሌላ ቂም ያለው ይመስልዎታል። ተዋንያን ይቅጠሩ፣ ይክፈሏቸው፤ የኃላፊ ደመወዝ ለአንድ ቀን ንባብ አያንስም።

8. መላክ፣ መለማመድ፣ መወከል

ተውኔት የሚቀበሉ ቴአትር ቤቶችና ውድድሮች የየራሳቸው የመቀበያ መስኮት አላቸው፤ እነዚህን ቀኖች በሰማያዊ እዚያው የጌም ካላንደር ላይ ይጻፉ። የደራሲው ስም ሳይታይ የሚያነቡትን ያስቀድሙ። በማንቸስተር የሮያል ኤክስቼንጅ ቴአትር ከ2005 ጀምሮ የያዘው የብራንትዉድ ሽልማት እንዲህ ነው። ስምዎ በጌም ዓለም የታወቀ ከሆነ ይህ በሁለት በኩል ይጠቅማል፤ አንዱ በስምዎ አይቀበልዎትም፣ ሌላው በስምዎ አይንቅዎትም።

ቴአትር ቤት እሺ ሲል የደስታ እንባዎን ያብሱና ካላንደሩን ያምጡ። ለአንድ ተውኔት ልምምድ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት የተለመደ ነው። ደራሲው ሁሉንም ቀን መገኘት የለበትም፤ ብዙ አዘጋጆችም ባይገኝ ደስ ይላቸዋል። የሚያስፈልጉት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ ተዋንያኑ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቃል ሲጠይቁ። እንደገና የሚያስፈልጉት በመጨረሻው ሳምንት ነው፣ መብራትና ድምፅ ሲገጠም አምስት ደቂቃ መቁረጥ ግድ ሲሆን። ለነዚህ ሁለት ጊዜያት የዓመት ፈቃድ ይጠይቁ፤ «ከቤት እሠራለሁ» አይበሉ። በመካከሉ ስቱዲዮዎ ይሁኑ።

ለነዚያ ቀናት ምክትልዎ ሙሉ ሥልጣን ይያዝ። ሙሉ ማለት ሳይደውል መወሰን ማለት ነው። የትኛው ውሳኔ የእሱ፣ የትኛው እርስዎን የሚያስጠራ እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጡት፤ የሚያስጠሩት ከሦስት ካለፉ ውክልና አይደለም። ይህ ለተውኔቱ ሲባል የተደረገ ቢመስልም ያለ እርስዎ ሦስት ቀን መቆም የማይችል ስቱዲዮ ሌላም ችግር አለበት።

ሁለቱ በእውነት የተጋጩ ቀንስ? መድረኩም መለቀቁም አንድ ሳምንት ላይ ከወደቁ? የእኔ ሕግ ስንት ሰው ይጎዳል የሚለውን ማየት ነው። መቶ ሰው ደመወዙ የተንጠለጠለበት ጌም እያለ ልምምድ ላይ አልቀመጥም። ግን የተመልካች ትኬት የተሸጠበትን ምሽት ለአንድ ተጨማሪ ስብሰባ አልሰጥም፤ ስብሰባው ያለ እኔ ይሆናል፣ ደግሞም ሆኖ ያውቃል።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጡ። ስልኩ ምክትልዎ ጋ ይሁን። ቼኾቭ በ1895 የጻፈው ያ ተውኔት በቀጣዩ ዓመት ፒተርስበርግ ላይ ሲከፈት ተመልካቹ አፌዘበት፤ የሞስኮ አርት ቴአትር አንሥቶ በጭብጨባ ያሳየው በ1898 ነው። ሐኪሙ ከዚያ ውድቀት በኋላ ወደ ቤቱ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። እርስዎም በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለዎት፤ አንድ ሰው «እንዴት ነበር?» ይልዎታል። በሁለት ቃል መልሰው ትናንት ያልተዘጉትን ስሕተቶች ዝርዝር ያስከፍቱ።